ግንበኛው እጃቸውን እስኪፈቱ

ደም የምትቀዳዋ ሴት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን። ባልደረቦቿ «እርጋታ» ይሏታል። ወደዚህ ሙያ የገባችው የእናቷን ክንድ በመጨረሻ ሕመማቸው በመርፌ ብዛት በልዞ ካየች በኋላ ነው። ይህን ለሰው አታወራም።

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ ግንበኛ ከሚስታቸው ጋር መጡ። የሐሞት ጠጠር እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከልክ እያለፈ ሁለቴ ተላልፏል። ሐኪሙ ኩላሊታቸውም ልባቸውም ደህና ሆነው ስላገኛቸው ቁጥሩን ተጠራጥሮ፣ በጥንቃቄ እንድትቀዳላቸው አደራ ብሏታል። ዛሬም ከፍ ካለ ሕመሙን ይዘው ይመለሳሉ።

ሙሉ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ስሜን ሳላውቅ ነው እንዴ እስከ ዛሬ የኖርኩት ብለው ቀለዱ። ሚስታቸው፣ ስሙንስ ያውቃል፣ የሚጠፋበት መነጽሩ ነው አሉ።

ክንዳቸውን በላስቲኩ ስታስር ሽማግሌው መዳፋቸውን በኃይል ይጨብጡ ይዘረጉ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አባባ?»

«ደሙን እየገፋሁልሽ ነዋ፣ ልጄ።»

«ከቤት ጀምሮ ነው» አሉ ሚስታቸው። «ታክሲ ውስጥ ሲጨብጥ፣ አጠገቡ የነበረው ሰው ሊመታኝ ነው ብሎ ወንበር ቀየረ።»

እርጋታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ላስቲኩን ፈታችና፣ እጅ እንዲህ ሲደክም ከጡንቻው ፖታሲየም ወጥቶ ውጤቱን እንደሚያሳስት ነገረቻቸው። እጃቸው ይረፍ አለች። እጁ ግን ዕድሜውን ድንጋይ ሲይዝ ኖሮ መፍታት አያውቅም፤ ጣቶቹ መልሰው ይታጠፋሉ። ሚስታቸው ቀረብ አሉና የራሳቸውን መዳፍ በባላቸው መዳፍ ላይ ዘረጉበት።

«በሰው ፊት?» አሉ ሽማግሌው አፍረው።

«ዝም በል፤ ሕክምና ነው።»

እጁ ላላ። እርጋታ ደም ሥሩን በጣቷ ዳሰሰች፤ ቆዳውን በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ጠበቀች። ላስቲኩን መልሳ አስራ ወጋች፤ ደሙ መውረድ ሲጀምር ቶሎ ፈታችው። መርፌውን አውጥታ ጥጥ አስያዘቻቸው፤ ብልቃጡ ላይም እዚያው ፊታቸው ስማቸውን ጻፈች።

ውጤቱ ሲደርስ ራሷ ልትነግራቸው ወጣች። አግዳሚው ላይ ሽማግሌው እጃቸውን እንደ ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ንቅንቅ ሳይሉ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሚስታቸው ሁለት ፌስታልና አንድ ጃንጥላ ታቅፈዋል።

«ደህና ነው፣ አባባ። ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው።»

«ተመስገን» አሉ ሚስታቸው። «ልጄ፣ እስቲ መጨበጥ ትችላለህ በይልኝ። እጅህ ይረፍ ተብያለሁ ብሎ ዕቃውን ሁሉ እኔ ላይ ጭኖታል።»