የአማቴ ዶሮዎች በገዳም

በእኛ አገር ዶሮ የሴት ነው። በሬ የወንድ፣ ፍየል የቤተሰቡ፣ ንብ የእግዜር፤ ዶሮ ግን የሴት። ወንድ ልጅ ዶሮ ሲጠብቅ ከታየ ለሰፈሩ የሳምንት ወሬ ተገኘ ማለት ነው። እኔ ሰቆጣን አምስት ወር ሙሉ አስወርቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንኳ ያን ያህል የታወቅሁበት ጊዜ የለም።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። የሁለት ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ከቄስ ትምህርት ቤት ሾልኬ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለባላገር ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በጥፊ የተመታውን ሰው ደሙን ወረቀቱ ላይ እንደ ክረምት ጅረት አፈስሰዋለሁ። ለሰው ሁሉ ቃል ነበረኝ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ምላሴ ይታሰራል።

ሚስቴ ከእኛው አገር ዝቋላ ስትመጣ ከጓዟ ጋር አንድ ቅርጫት ነበራት፤ በውስጡ አንዲት ሴት ዶሮና አንድ አውራ። ዘራቸው የእናቷ ነው፤ እናቷም ከእናቷ የወረሰችው። መልካቸው ገብስማ ሆኖ አናታቸው ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ቁንጮ የቆመ ላባ አለ። የሚገርመው ግን ጠባያቸው ነው። ጥሬ ሲበተንላቸው አይሻሙም። ሲይዟቸው አይንጫጩም፤ ጭን ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይከድናሉ። አውራው የጎረቤት አውራ ሲመጣበት መንገድ ለቅቆ ያሳልፈዋል። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትደባደብ!» እያልኩ እቆጣው ነበር። እኔን ስለሚመስል ይሆናል ያናደደኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሚስቴ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት፣ ዝቋላ ውስጥ ወዳለችው ጽጽቃ ልትሄድ ተነሳች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ከዚያው መጥፎ ወሬ ደርሶን ነበር። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ የአማቴን ቤት ጠርጎታል፤ አንዲት እንኳ አልተረፈችም። እንግዲህ የዚያ ገራም ዘር የቀረው የእኛ ቤት ብቻ ነው፦ እናቲቱ፣ አውራውና ሁለት ወር የሆናቸው ሦስት ጫጩቶች።

«ስማ፣» አለች በቅሎዋ ላይ ከወጣች በኋላ። «ለክርስትናው ስትመጣ ሴትና ወንድ ይዘህ ና። አሁን እንዳልወስዳቸው በሽታው ገና ከቤቱ አልወጣም። እናቴ ባዶውን ቆጥ እያየች ነው የምትውለው።»

«ሌላ ዶሮ ገዝቼ ባመጣላትስ?»

«እናቴ ዘሯን የማታውቅ መሰለህ? ይልቅ ራስህን ጠብቅ ልልህ ነበር፤ ይቅር፣ ዶሮዎቼን ጠብቅ።»

«ወንድ ልጅ ነው! በአርባ ቀን እደርሳለሁ!» ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ። ወንድ መሆኑን በምን አወቅህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቢጠይቀኝም መልስ አላጣም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጥሬ ስበትን አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ያወጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ስንት እንቁላል ጣልክ?»

«ገና እያቀፍኩ ነው እማማ።»

«በርታ፣ በርታ። ስትፈለፍል አንድ ጫጩት ለእኔ!»

እንዲህ ስንቀላለድ ሰነበትን። በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ አንድ ጠዋት ባልቴቷ ሳይሰድቡኝ ቀሩ። ቀና ብዬ ሳይ አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ቀይ ዶሯቸው አንገቷ ተጠምዝዞ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«መጣብን፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መሆኔ ቀረ። ዶሮዎቹን ከቤት አላስወጣም አልኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ፣ ፌጦ በጠበጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ አረቄ ገዛሁ፤ አረቄውን ጥቂቱን ለእነሱ፣ ብዙውን ለጭንቀቴ። አንዷ ካስነጠሰች ልቤ ይወድቃል። ኩሳቸውን በእንጨት እየገለበጥኩ ስመረምር ያየኝ ሰው ዳዊት የደገመ ነው ብሎ አያምንም። አንድ ቀን ወሰን ለተገፋበት ባላገር የጻፍኩትን ሳነብለት «አመልካች አንገቱን ደፍቶ፣ ላባውን አቁሞ፣ ጥሬ አልቀምስም ብሎ…» ይላል። እኔ ደንግጬ ቀና አልኩ። ሰውየው ግን «እውነት ነው፣ እህል ከተውኩ ሰነበትኩ» አለና አውራ ጣቱን አተመ።

ፈንግሉ ከባልቴቷ ቤት ቀጥሎ ያለውን ቤት ባዶ ሲያደርገው ገዳሙ ትዝ አለኝ።

ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ተራራ ላይ፣ ሴት የማይገባበት ገዳም አለ። ሴት ስል የሰው ሴት ብቻ አይደለም፤ ላምም፣ አህያም፣ ፍየልም፣ ሴት የሆነ ሁሉ በሩን አያልፍም። በዙሪያው መንደር ስለሌለ ዶሮ የሚባል የለም። ለጸሎት ሰዓት የሚጮህ አንድ አውራ ብቻ ነበራቸው፤ እሱም በእርጅና መሞቱን በረኛው መነኩሴ አንድ ጊዜ ደብዳቤ ሊያጽፉኝ ወርደው ነግረውኛል። ፈንግል ያን ተራራ ከወጣ የትም ይወጣል ብዬ አምስቱንም በቅርጫት አደረግሁና ገሠገሥሁ።

በረኛው በሩ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

«ምን ይዘሃል?»

«አውራ ዶሮ፣ አባቴ። ለገዳሙ ስጦታ።»

ክዳኑን ገለጡት። አምስት አንገት ባንዴ ብቅ አለ።

«ይህች ሴት ናት» አሉ፣ ጣታቸውን እናቲቱ ላይ ቀስረው።

«አዎ… እሷ ልትሸኛቸው ነው የመጣች።»

አልሳቁም። «ትመለስ። እነዚህስ ሦስቱ?»

ስለ ፈንግሉ ነገርኳቸው። አውራው ለገዳሙ እንደሚቀር፣ ሦስቱን ግን በሽታው ሲያልፍ ልወስዳቸው እንደምፈልግ ለመንኳቸው።

«የጠየቅሁህ ሌላ ነው። ወንድ ናቸው?»

የሦስት ወር ታዳጊ ናቸው። የሌላ ዘር ቢሆኑ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይናገር ነበር፤ የእነዚህ ግን ከቁንጮው ሥር ተደብቋል። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላውቅም ብል ይዤ መመለሴ ነው።

«ወንድ ናቸው» አልኩ።

«በምን አወቅህ?»

«በጠባያቸው።»

«ወንድ እንዲህ ዝም ይላል?»

«ገዳም እንደሚገቡ መንገድ ላይ ስለነገርኳቸው ነው፣ አባቴ።»

እናቲቱን አውጥተው ሰጡኝና ቅርጫቱን ተቀበሉኝ።

እናቲቱን በኩታዬ ሸፍኜ ወረድኩ። ዘጠኝ ቀን ቆየች። በዘጠነኛው ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ዓይኗን ከደነች፤ ከዚያ አልገለጠችውም። ለመሞት እንኳ ሰው አላስቸገረችም። ባልቴቷ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ «ቆፈር አድርገህ ቅበራት፤ ውሻ እንዳያወጣት» ብለው መቆፈሪያ አቀበሉኝ።

ያኔ ነው ጭንቀቱ በሙሉ ክብደቱ የወረደብኝ። እናቲቱ ከሌለች፣ ተራራው ላይ ያሉት ሁሉ ወንድ ከሆኑ፣ ዘሩ አለቀ፤ አማቴ ፊት ባዶ እጄን ልቆም ነው። ከመሃላቸው አንዷ ሴት ከሆነች ደግሞ ገዳሙን በውሸቴ አርክሻለሁ። እስቲ ምን ብዬ ልጸልይ? «ውሸታም አድርገኝ» ብሎ የሚለምን ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለምኛለሁ። ወዲያውም «ግን እንዳይታወቅብኝ» እያልኩ እጨምር ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ከጽጽቃ መልእክተኛ መጣ። ሚስቴ በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ!

ለሰፈሩ ሁሉ ወንድ ነው ብዬ አውርቼ ስለነበር ባልቴቷ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለእኔ ግን የታየኝ የቀኑ ነገር ነው። ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ አርባ ቀን ተጨመረልኝ። የመጀመሪያ ልጁን መወለድ ሰምቶ ስለ ዶሮ ያሰበ አባት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ልጄ ሆይ፣ ይቅር በይኝ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተራራው ሥር ሄጄ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ወደ በሩ መውጣቱን ፈራሁ፤ የምችለው ማዳመጥ ብቻ ነው። አውራው ሲጮህ አውቀዋለሁ፤ ድምፁ የተሰነጠቀ ነው። በሐምሌ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተከተለው። አንዱ ወንድ ነው! በነሐሴ መባቻ ሌላ፣ ሲጀምር የሚያንቀው። ሁለተኛውም ወንድ! ከዚያ ሦስተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ። ዝናብ ሲመታኝ፣ ጭቃ ሲውጠኝ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ዝም። በሌላው እሑድም ዝም። ያ ዝምታ ወይ ሴት ናት፣ ወይ ሞቷል።

መስከረም እንደገባ በረኛው በገበያተኛ ቃል ላኩብኝ፤ «ወረቀትና ቀለም ይዞ ይምጣ።» ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ፣ ዳገቱን በምን ጉልበት እንደወጣሁ አላውቅም። እዚያው በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉ።

«ለማን፣ አባቴ?»

«ለገዳሙ አለቃ። እንዲህ በል፦ በጠባዩ ወንድ መሆኑ የተመሰከረለት ዶሮ እንቁላል ስለጣለ፣ ምን እንደሚደረግ እንዲነገረኝ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ማልቀሴን አስታውሳለሁ፤ በፍርሃት ይሁን በደስታ ግን እስከ ዛሬ አለየሁትም።

«ተነሳ» አሉኝ። «ከበሩ ወዲህ ያለችውን ጎጆ አየሃት? እዚያ ናት። ከመጀመሪያውም ሦስቱ እዚያ ነበሩ።»

«ወደ ውስጥ አልገቡም?»

«አውራው በዕለቱ ገባ። ሁለቱ ሲጮሁ ሲጮሁ ገቡ። ይህች አልጮኸችም፣ አልገባችም። ልጄ፣ እዚህ ወንድነት በባለቤቱ ጩኸት ነው እንጂ በማመልከቻ ጸሐፊ አፍ አይመሰከርም።»

እኔ ክረምቱን ሙሉ በእግዚአብሔር ፊት ስንቀጠቀጥ፣ ለካ እሳቸው ከመጀመሪያው አላመኑኝም! እፎይ ማለትም፣ መቀየምም ቃጣኝ። መቶ ስግደት አዘዙኝና ቄቧን ከአንዱ ወንድሟ ጋር በቅርጫቴ አድርገው ሰጡኝ።

ለክርስትናው ጽጽቃ ስደርስ አማቴ ከሰላምታው በፊት ዓይናቸው ቅርጫቱ ላይ ነበር። ቄቧን አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ዓይኗን ከደነች። አማቴ በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለዶሮዋ። ከዚያ ተነስተው ቆጡን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እናቲቱስ?» አለች ሚስቴ።

ነገርኳት። ልጃችንን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«እነዚህንስ የት አትርፈሃቸው ነው?»

«ገዳም።»

«ሴቷንም?»

«ወንድ ናት ብዬ።»

ሕፃኗን አነሳችና እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ይችንም እንዲሁ ብለህ ነበር» አለች።

ከስግደቱ ስድሳውን ያን ጊዜ ጨርሻለሁ። የቀረውን ሳዘገይ ሳዘገይ ጉልበቴ ቀድሞኝ አረጀ፤ አሁን አንዴ ከወደቅሁ የምታነሳኝ ያችው ወንድ ናት ያልኳት ልጄ ናት።