እማማ ብዙነሽ «ደህና ነኝ» ያሉ ዕለት

የልጄ የማርታ ሥራ ሀሪኬን የሚሉት የባሕር አውሎ ነፋስ የመታቸው ደሴቶች ድረስ እየሄዱ ቤት መፈተሽ ነው፤ የትኛው ቤት ሰው ሊያድርበት ይችላል፣ የትኛው ሊወድቅ ነው እያሉ መለየት። እሷ ደሴት ላይ በሆነች ቁጥር እኔ እዚህ አርሊንግተን እንቅልፍ የለኝም። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ደወለችና፣ «እማ፣ ይሄ መንደር ኦኬ ነው። በስልክ ቼክ አደረግን፣ ሁሉም ደህና ነን አሉ። ሶ፣ ነገ ወደ ሌላው ደሴት እንሻገራለን» አለችኝ።

«ደህና ነን» ማለታቸውን ስሰማ የምከትፈውን ሽንኩርት ተውኩት። ምክንያት አለኝ።

ነገሩ የሆነ ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከአገር ቤት ገና መምጣቴ ነው፤ ከአክስቴ ልጅ ከጽጌ ጋር ጋርላንድ በምትባል ከተማ እንኖር ነበር። በፋሲካ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ቶርኔዶ የሚሉት አውሎ ነፋስ ጎረቤት ከተማውን ሮውሌትን መትቶ አለፈ። እኛ መታጠቢያ ቤት ገብተን፣ ፍራሽ ራሳችን ላይ ደፍተን ተረፍን። በማግስቱ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥርት ብሎ ነጋ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ለምእመኑ ሁሉ ሲደውሉ አርፍደው፣ «ተመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው» አሉን። ሮውሌት ሐይቁ ዳር የሚኖሩት እማማ ብዙነሽም «ደህና ነኝ» ብለዋቸዋል። ከባድ መኪና የሚነዳው ልጃቸው ሌላ ስቴት ስለነበር ብቻቸውን ናቸው።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። የእኛ ሰው እኮ እግሩ ተሰብሮ ተኝቶም ቢሆን «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና፣ ተመስገን» ነው የሚለው። እናቴ ጎርፍ በረታችንን በወሰደው ቀን እንኳ ያንኑ ስትል ሰምቻለሁ።

«ሄደን በዓይናችን እንያቸው» እያልኩ ጽጌን ነዘነዝኳት።

«አንቺ ደግሞ! ዝንብ ብትሞት ለቅሶ ትደርሻለሽ» አለችኝ፤ ግን የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

የትራፊክ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል። ሾፌሮች በየመስቀለኛው ቆመው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ «እለፍ፣ አንተ እለፍ» ይባባላሉ። ከነፋሱ ጋር የወረደው በረዶ ያረገፈው ቅጠል አስፋልቱን አረንጓዴ አድርጎታል፤ አየሩ ገና የተፈለጠ እንጨት ይሸታል። የአንዱ አጥር ከሌላው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።

እማማ ብዙነሽ በሩን ከፍተው፣ ጉንፋን ባፈነው ድምፃቸው፣ «ልጆቼ! እንኳን መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉን። ሳሎኑ ምንም አልሆነም። ጽጌ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ ብታደርገው ግን ሰማይ ታየ። ጣራ የለም። አልጋው ላይ የጎረቤት ዛፍ ተጋድሟል።

«እማማ! ጣራዎት የት ሄደ?»

«እሱማ ሄደ። በሩን ዝጊው፤ ይሄኛው ክፍል ደህና ነው።»

ጽጌ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። እኔን ግን ሌላ ነገር አፍንጫዬን ያዘኝ፤ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ። ከየት ነው ብዬ ዞር ስል እማማ ኩሽና ገብተው የፋሲካውን ዶሮ ጋዝ ምድጃው ላይ ጥደዋል። ከትናንት ጀምሮ ለራሳቸው ብለው እሳት አላነደዱም፤ ደረቅ ዳቦ በልተው ነው ያደሩት። አሁን ግን እንግዳ መጣ። ክብሪት ሊጭሩ ነው።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሁለቱንም እጃቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

«ጋዝ ነው እማማ! እንዳይጭሩ! ቤቱን ጋዝ ሞልቶታል!»

«እኔ ምንም አልሸተተኝም።»

«ጉንፋን ይዞዎታላ! በሉ እንውጣ!»

«ሳትቀምሱ?»

ወደ በሩ ገፋኋቸው። እሳቸው ድስቱን አቅፈው ወጡ።

መንገዱን ተሻግረን ከጎረቤት ቤት ደወልን። እሳት አደጋዎች መጥተው ጋዙን ዘጉ፤ ዛፉ ሲወድቅ ቧንቧውን አላልቶት ኖሯል። አንድ ክብሪት ቢጫር ቤቱ ይፈነዳ እንደነበር አለቃቸው ነገረን። እማማ ድስቱን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝና፣ «በይ አሁን ትበያለሽ» አሉኝ።

መብራት ስለጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ፍሪዘሩን አራግፎ፣ ደጅ ወጥቶ ሥጋ ይጠብስ ነበር። አንዲት ሜክሲኳዊት ጎረቤት ከከሰሏ ላይ ቦታ ለቀቀችልን። ዶሮው ሞቀ፤ እንጀራ ስላልነበረ ቶርቲያ በሚሏት በእሷ ስስ ቂጣ እየጠቀለልን በላነው። አንዱ እሳት አደጋ በርበሬው ዓይኑን እያስነባው ድገሙኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ ስንት ድግስ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ጋሼ ታደሰ ሰምተው በድንጋጤ ሲደርሱ፣ «እማማ፣ ደህና ነኝ አላሉኝም?» አሉ።

«ታዲያ ምን ሆንኩ?» አሉ እማማ፣ አፋቸው ምግብ እንደሞላ።

ጋሼ ታደሰ ሳቁ። ግን ወዲያው ወጣቶቹን ሁሉ ሰብስበው ቤት ለቤት ላኩን።

ይህን ለማርታ አጫወትኳት። «ደህና» ማለታችን ውሸት አይደለም፤ ነፍሳችን አለች ማለታችን ነው፣ ምስጋና ነው። ምስጋና ግን ጣራ አይሆንም።

«ደህና ነህ ወይ አትበይ» አልኳት። «የት አደርክ፣ ምን በላህ በዪ። ገብተሽም ቀና ብለሽ እዪ።»

«ኦኬ እማ፣ ነገ ቤት ለቤት እንገባለን።»

«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፤ አትጨነቂ።»

«በይ ካሜራውን ወደ ጣራው አዙሪው» አልኳት።