የአባቴ ደወልና የጽጌ ሰማይ

በጽጌ ሰሞን፣ ሰቆጣ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሌሊት ተከፍቶ ማሕሌቱ ሲጀመር፣ ወደ እኔ ጆሮ የሚመጣው ሌላ ድምፅ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ የሚወጣ ቀጭንና ደረቅ ድምፅ። ደሃና ወረዳ ውስጥ ያለችው የትውልድ መንደሬ ቤተ ክርስቲያን ደወል ከወይራ ግንድ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ደዋዩም አባቴ ነበር።

አባቴ ማሕሌት የሚቆም መሪጌታ ነበር። ደወሉን ስለሚጠብቅ የአጥቢያው ሰው በመከር ጊዜ ገብስ ይሰፍርለት ነበር፣ እኛም ከዚያ እየበላን እንከርም ነበር። የእጅ ሰዓት አልነበረውም፤ ሌሊቱን የሚለካው በሰማዩ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ግን ዓይኑ እየደከመ መጣ። መንገዱን እግሩ ስለለመደው፣ ዜማውንም በቃሉ ስለሚያውቀው ማንም አልነቃበትም። ኮከብ ማየት ግን ተሳነው። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ «ደወሉን ከወሰዱብን ምን ልንበላ ነው?» እያለች ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ እኔ ግን ድሮም ከሰው ጋር ማውራት የማልደፍር ልጅ ስለነበርኩ ምስጢር መጠበቅ አልከበደኝም።

ክረምት ሰማዩ ተዘግቶ ስለሚከርም አባቴ በዶሮ ጩኸትና በግምት ይደውል ነበር፣ ቢሳሳትም የሚቀየመው አልነበረም። መስከረም ተገባዶ ጽጌ ሲገባ ግን ሰማዩ ይገለጣል፣ ማሕሌቱም በየሳምንቱ እስኪነጋ ይቆማል፣ ያኔ የእኔ ሥራ ይጀመር ነበር። አባቴ በመቋሚያው ጫፍ የተኛሁበትን መደብ መታ መታ አድርጎ «ልጄ፣ ውጪና እዪልኝ» ይለኛል፤ እኔም የእሱን ጋቢ ተከናንቤ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ደጃፉ ላይ ቆሜ አንጋጥጥ ነበር።

ምን እንደምፈልግ ያስተማረኝ ራሱ ነው። «መጀመሪያ እነዚያን እንደ ጫጩት የተጠጋጉትን ፈልጊ፤ እነሱ አናትሽ ላይ ሲደርሱ የማሕሌት ሰዓት ነው። ከእነሱ ዝቅ ብለው የተሰለፉ ሦስት አሉ። ከሦስቱ ኋላ አንዲት ትልቅ ነጭ ኮከብ ትወጣለች፤ እሷን እንዳታምኛት፣ አታላይ ናት፣ ትንቀጠቀጣለች። አጥቢያ ኮከብ ረግታ ነው የምትወጣው፤ እሷ ከወጣች ሊነጋ ነው።» እናቴ ይህን ስትሰማ ከውስጥ ሆና «አንተ ኮከብ አስተምር፣ ሳሏን እኔ አስታምማለሁ» ትል ነበር፤ ሲከፋት ደግሞ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ትቀጥልበታለች።

ብዙ ጽጌ እንዲህ አለፈ። ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ቀኑን የሰው ገብስ ስናጭድ ውለን እጅና እግሬ ዝሎ ተኝቼ ሳለሁ መቋሚያው ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ሰማዩ ደመና ለብሷል። ጫጩቶቹም ሦስቱም አይታዩም፤ በምሥራቅ በኩል ብቻ፣ ከተራራው ጫፍ ላይ በደመናው ቀዳዳ አንዲት ትልቅ ነጭ ኮከብ አየሁ። ትንቀጠቀጥ እንደሆነ ቆሜ ማየት ነበረብኝ። እንቅልፉና ብርዱ ግን አላስቆመኝም፣ ቶሎ ተመልሼ «አባ፣ አጥቢያዋ ወጥታለች» አልኩት።

«ወይኔ! ማሕሌቱ አለፈን!» ብሎ እጄን ይዞ ሮጠ፤ ደውሎም ደውሎም አልበቃው አለ።

ሰው ሁሉ አርፍዶ የቀረ መስሎት እየተደናገጠ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ተሰብስበው ሳሉ ደመናው ተገለጠ፣ ሰማዩን የሚያውቁት ሁሉ ቀና ሲሉ ጫጩቶቹ አናታችን ላይ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራቸው ነበር። እኩለ ሌሊት ነበር።

«መሪጌታ፣ የከርሞውን ነው እንዴ የደወሉት?» አለች አንዲት ሴትዮ፣ ሰዉም ሳቀ።

«ጅቡ እንኳ ገና ከጉድጓዱ እየወጣ ነው!» አለ ሌላው።

የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ቄሰ ገበዙ ግን አልሳቁም። ወደ አባቴ ቀረብ ብለው «የትኛዋን አይተው ነው፣ መሪጌታ? እስቲ ያሳዩኝ» አሉት።

አባቴ ቀና ብሎ በመቋሚያው ጠቆመ። የጠቆመው ጥቁሩን የወይራ ቅርንጫፍ ነበር፤ ከዚያ በኩል አንድም ኮከብ አይታይም። ሳቁ ቆመ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ግራ እጁ በእጄ ውስጥ ነው። «ያየሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ግን ከአባቴ ጀርባ ተሸሸግኩ።

«ዓይኔ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። «ከከዳኝ ቆይቷል። ልጅቷ የለችበትም።»

ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ እንዲያውም ቄሰ ገበዙ እጁን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ማሕሌቱንም እንደ ወትሮው ቆመ። ደወሉ ግን በሳምንቱ ስልክ ላለው አንድ ዲያቆን ተሰጠ። ኅዳር ላይ ገብሱ ሲወቃ ወደ እኛ ቤት የመጣ ስልቻ አልነበረም። በጋው ሳያልቅ ትምህርቴን ትቼ ሰቆጣ ሰው ቤት ተቀጠርኩ፤ እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴንም ወደ እኔ አመጣሁት።

አሁን ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሌሊት በአሥር ሰዓት ስልኬ ይቀሰቅሰኛል፣ ከሰማዩ ጋር ጉዳይ የለኝም፤ አባቴም ሰዓቱን ከሬዲዮ ይሰማል። ስለዚያች ሌሊት አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ማታ እለዋለሁ እያልኩ እወጣለሁ፣ ስመለስ እግሬ አብጦ፣ እራቱን አቅርቤለት ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያኔ ዝም ያልኩት ሰው ፈርቼ ነበር። ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ ዝም የምለው ደክሞኝ ነው።