ብርብራ የገባበት የዓሣ ገንዳ

ዛሬ ከሱቅ ስመለስ ሦስቱም ዓሦቻችን ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ባለቤቴ ገንዳው ፊት ተቀምጦ በኩራት ያያቸዋል።

«ተረጋግተዋል፤ ውሃው ተፈጥሯዊ ሲሆን ጭንቀታቸው ይቀንሳል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ የሞተ አይጨነቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ሰንብቶ፣ የደረቀ ቅጠልና የዛፍ ፍሬ የዓሣ ገንዳን ወንዝ ያስመስላል የሚል ትምህርት ቀስሟል። የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን አላዳመጠም። ከዘመድ ግቢ የወደቀውን ሁሉ ለቃቅሞ አምጥቶ ጨመረው።

እጄን ከትቼ ፍሬውን ሳወጣው ብርብራ ነው፤ ያውም የተፈረከሰ።

እኔ ያደግኩት ተከዜ አጠገብ ነው። እዚያ ብርብራ ተወቅጦ ውሃ ላይ የሚበተነው ዓሣውን አስክሮ ለመያዝ ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

«ቪዲዮው ላይ እንደዚያ አላሉም» አለ፣ እኔ የዋሸሁ ይመስል።

ሸሚዙን ላጥብበት ያጠራቀምኩትን የጀሪካን ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጬ ዓሦቹን አዛወርኳቸው። ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ እንደኛ ሰቆጣ የሚኖር ሰው ያውቀዋል።

ሁለቱ ቀስ በቀስ ቀና ብለው መዋኘት ጀመሩ። ልጃችን ስም አውጥታ የምታበላው ቀዩ ዓሣ ግን አልነቃም። እሱን ሳወጣው እኔም ሆዴ ባባ።

«ከትምህርት ቤት ስትመጣ አንተው ንገራት» አልኩት።

አሁን ጥግ ይዞ «ለልጅ ሞት እንዴት ይነገራል» የሚል ቪዲዮ እየፈለገ ነው።

እናንተ ቤትስ ከስልክ የተመረቀ ባለሙያ ምን ፈጀባችሁ? እስኪ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልናደድ።