የሸዋአየሁ ሰባት ገጽ

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ድብ ባሕር ከተማ ላይ እህል መነገድ ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሚዛኗን በባዶው ሳታይ ጤፍ አትጭንበትም። የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ አባላት የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው የመረጧትም ለዚሁ ነው። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ የቦርዱ ሊቀመንበር አስናቀው ልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ነው። «አበልጆች ናቸው፣ አይጣሉም» ተባለ። ተቆጣጣሪ ከሚቆጣጠረው ሰው ጋር እንዳይጣላ ተብሎ መመረጡን ያኔ ማንም ነገሬ አላለውም፤ እሷም ጭምር።

ዘንድሮ መዝገብ ስታገላብጥ አንድ ቃለ ጉባኤ አገኘች። ቦርዱ ለአስናቀው ወንድም ለአወቀ የወፍጮ ብድር የፈቀደበት ነው። ቀኑ ጥር አሥራ አንድ ይላል። በጥምቀት ዕለት አምስቱም የቦርድ አባላት ታቦት ሲያጅቡ ነው የዋሉት፤ አስናቀውን ራሱን ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፍ አይታዋለች። ስብሰባ የሚባል አልነበረም። ፊርማው ኋላ ቤት ለቤት የተለቀመ ነው። ይህንና መሰሎቹን በሰባት ገጽ ጻፈች፤ ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ቦርድ ከመምረጡ በፊት እንዲነበብም ሦስተኛ አጀንዳ አስያዘች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተቀምጦ፣ ልታነብ ብድግ ስትል አስናቀው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በበሩ ገባ። ሽማግሌው አያ ተክለ ጊዮርጊስ ከፊቱ ይመራሉ። መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«አበልጄ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምን አጠፋህ?»

«ያጠፋሁትን።»

«እሱ እዚህ ተጽፏል። ላንብበውና ከዚያ እንማርህ።»

«ምነው ልጄ፣» አሉ አያ ተክለ ጊዮርጊስ፣ «ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሰባት ገጽ ይጠብቃል?»

«አያ፣ ጉባኤው ምኑን እንደሚምር ይወቅ እንጂ።»

«እሱን እግዜር ያውቀዋል።»

«አውርጅለት እንጂ፣ አንገቱ ሊቀነጠስ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ባልቴቶቹ ግን እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ከመቶ በላይ ሰው እጇን ያያል። ወረቀቱን አስቀመጠችና ድንጋዩን አወረደችለት። እጇ የለመደው ሚዛን ነውና ወዲያው አወቀችው፤ ሦስት ኪሎ አይሞላም።

ጭብጨባው ሳያባራ ምርጫው በእጅ ተደረገ። አስናቀው ለሦስት ዓመት ተመለሰ። ጸሐፊዋ ፍሬሰላም የዕለቱን ቃለ ጉባኤ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ሦስተኛው አጀንዳ በእርቅ ተዘጋ ብዬዋለሁ።»

«አልተነበበም በይ።»

ፍሬሰላም አንገቷን ደፋች። «ሌሎቹ ፈርመዋል እኮ። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።»

ሸዋአየሁ መጀመሪያ ቀኑን አየች። ቀኑ ትክክል ነበር። ፈረመች።