የተመረቀው ሌንስ

ይህ የደረሰብኝ እዚህ ኬንያ ውስጥ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ኢትዮጵያ ለሚሌኒየሙ በዓል ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን። ብዙ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን የቤታችንን ግድግዳ ባየሁ ቁጥር የያኔው ንዴት ስለሚመለስብኝ አልረሳሁትም።

የምኖረው ኬንያ ሞያሌ ነው፤ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። በዚያን ጊዜ ዲጂታል የሚሏት ካሜራ ከናይሮቢ መምጣት ጀምራ ነበር። እኔ ግን በሰፊ ፊልም በምታነሳ የሩሲያ ካሜራዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ችግሯ የራሷ ሌንስ ሻግቶ ጭጋግ መልበሱ ነው። በሌላ በኩል ሟች አጎቴ አዲስ አበባ ለጋዜጣ ፎቶ ያነሳበት የነበረ ትልቅ የድሮ ካሜራ እጄ ላይ ነበር። ሳጥኑ ፈራርሷል፣ ሌንሱ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ይህን ሌንስ ለዚያች ካሜራ ልግጠምላት ብዬ ተነሳሁ። ባልተነሳሁ!

ያስቸኮለኝ የባለቤቴ የቱሜ አባት ነገር ነው። አባ ጋልጋሎ ሶሎሎ የሚኖሩ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። አርጅተዋል፤ ሳሉም ጠንቶባቸዋል። ኪፓንዴያቸው፣ ማለትም መታወቂያቸው ላይ ካለው በስተቀር አንድም ፎቶ የላቸውም። እሱም ላይ ፖሊስ የያዛቸው ነው የሚመስሉት።

ቱሜ «አባቴ ሳያመልጠኝ አንድ ደህና ፎቶ አንሳልኝ፤ ትልቅ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

ሌንስ መግጠም እንደ ማውራቱ አልሆነም። የድሮው ካሜራ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እያስኬደ የሚያጠራው እንደ አኮርዲዮን በሚታጠፍ ቆዳ ነበር። ሌንሱ ብቻውን ማጥራት አይችልም። ስለዚህ መሀል ላይ የሚሽከረከር ቱቦ ያስፈልገዋል። ቶርኖ ያለው ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከድር የሚባል ፉንዲ፣ ማለትም ባለሙያ ዘንድ ነው። ሌንሱን ይዤ ስሄድ «ካሜራውን አምጣ» ይለኛል። ካሜራውን ሳመጣ «መብራት የለም» ይለኛል። ኬላው ላይ ያለው ፈታሽ ደግሞ በየምልልሴ ሌንሱን ወደ ሰማይ አንስቶ እያየ «ይሄ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ አይደለም?» ይላል። ትናንት የጠየቀኝ ራሱ ሰውዬው ነው!

በመጨረሻ ከድር ሠራው። አስረዝሞ ሠራው። ራቅ ያለ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል፤ የሚጠራው ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ያለው ብቻ ነው።

«አሳጥረው እንጂ!» አልኩት።

«ከቆረጥኩት የሚሽከረከርበት ጥርሱ ይጠፋል» አለ ረጋ ብሎ። «ደግሞ ለፊት ፎቶ አይደል? አንተ ጠጋ በል።»

ካዘዝኩት ፊልም ከናይሮቢ የደረሰኝ አንድ ጥቅል ብቻ ነው። የባሰ አታምጣ ብዬ እሱኑ ይዤ ከቱሜ ጋር ሶሎሎ ሄድን።

አባ ጋልጋሎ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከቤቱ ጥላ ስር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ደስ የሚል ብርሃን ነበር። ካሜራዬን ሁለት ክንድ ያህል ራቅ አድርጌ ተከልኩ። ሽማግሌው ሌንሱን ትኩር ብለው አዩና ምን እንደሆነ በኦሮምኛ ቱሜን ጠየቋት። አዲስ እንደሆነ፣ እኔ ራሴ እንደገጠምኩት ነገረቻቸው።

አዲስ ነገር ደግሞ ሳይመረቅ ሥራ አይጀምርም። ጎንበስ አሉና «ሆራ! ቡላ!»፣ ርባ፣ ሰንብት እንደ ማለት፣ ብለው እንደ ምርቃቱ ደንብ እትፍ አሉበት። ትምባሆ እያኘኩ ነበር።

ቡናማ ጠብታ በአጎቴ ሌንስ ላይ ሲወርድ አየሁ። መሀረቤን ስመዝ ቱሜ እጄን ለቀም አደረገችኝ።

«እንዳትጠርግ! ምርቃት ይጠረጋል እንዴ?»

«ታዲያ በምን ላንሳቸው?»

«በተመረቀው!»

አራት እርምጃ ርቄ ቢሆን ኖሮ ምርቃቱ አየር ላይ ይቀር ነበር። እዚያ ድረስ ያስጠጋኝ የከድር ቱቦ ነው። ባልተጠረገው ሌንስ ጥቂት አነሳሁ፤ በመመልከቻው የሚታየኝ ሽማግሌ ሳይሆን ጉም ነው። አላስችል ሲለኝ «ፊልሙን ጨለም ያለ ቦታ ማየት አለብኝ» ብዬ ካሜራውን ይዤ ጓሮ ዞርኩ፤ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት። ተመልሼ ገና ስተክለው አባ ጋልጋሎ ፊታቸው በራ። ሄዶ በሰላም ለተመለሰ ሰውም ምርቃት ይገባዋል። እትፍ!

እንደገና ጓሮ ሄድኩ። እንደገና ተመለስኩ። እንደገና ተመረቅኩ። ቱሜ በሻሿ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ቆሽቴ እያረረ ነው። የሽማግሌው ሳል ይሰማኛል፣ ፊልሙ እያለቀ ነው፣ የገባሁት ቃል ደግሞ አለ።

አንዲት ብቻ ስትቀረኝ ሌንሱን ጠርጌ ስመለስ ወደ ቦታዬ አልተጠጋሁም። ቢደበዝዝም ይደብዝዝ፣ ምራቅ ከሚቀባ ይሻላል ብዬ ካሜራውን በእጄ እንደያዝኩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ለካ እሳቸው እግር አላቸው! ከበርጩማው ተነስተው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ። ደንግጬ ተጫንኩት። ካሜራዋ በር እንደ መዝጋት ጓ አለች። ፊልሙም በዚያው አለቀ።

በሎሪ ወደ ሞያሌ ተመለስን።

ፊልሙን ራሴ አጠብኩት። እንደፈራሁት ሁሉም ጉም ነው። የመጨረሻዋ ብቻ ጠርታለች፤ በትልቁ አትሜ እንድትደርቅ ሰቀልኳት። ሽማግሌው ሲጠጉኝ ሌንሱ በሚያጠራበት ርቀት ላይ ደርሰው ነበር። እያንዳንዱ የፊታቸው መስመር፣ የጢማቸው ሽበት፣ የተሞጠሞጠው ከንፈር፣ ሌላው ቀርቶ አየር ላይ ያለችው ጠብታ ሳትቀር ትታያለች። ፎቶው ግን ጠማማ ነው፤ የጥምጥማቸው ጫፍ ተቆርጧል፤ እጃቸው ደብዝዟል። እኔ የፈለግኩት በክብር የተቀመጡ ሰው ነበር። ያገኘሁት የሚተፉብኝን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ለአባቷ ብዬ እንዴት እሰጣታለሁ? ልቀደው ነበር።

ቱሜ ቀደመችኝ። ከመስቀያው ላይ እርጥቡን አውርዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ሃኪ ያ ሙንጉ፣ በፈጣሪ ስም» አለች እንባዋ እየወረደ፣ «አባቴ ይሄ ነው። አጠገቡ የቆምኩ መሰለኝ።»

አባ ጋልጋሎ የዚያን ዓመት ሁለተኛውን ዝናብ ሳያዩ ዐረፉ። ለለቅሶ የመጡ አንድ እኩያቸው ቤታችን ገብተው ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን ፎቶ ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ አባ ጋልጋሎ ምርቃታቸውን እስኪጨርሱላቸው የሚጠብቁ ይመስል እንዳጎነበሱ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ቱሜ መንገድ የሚወጣ ሁሉ እንዲመረቅ በዚያ ፎቶ ስር ጎንበስ ብሎ እንዲያልፍ ታደርጋለች።

በሕይወቴ ስንት ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ ጫፉ ያልተቆረጠ ፎቶ አንስቻለሁ። ለአንዱም ፎቶ ግን ማንም ራሱን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ።

በቀደም ለናይሮቢ ስነሳ መኪናው ክላክስ እያደረገብኝ በሩጫ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ተመለስኩና ፎቶው ስር ጎንበስ አልኩ። ቱሜ ከጓዳ ሆና ምን ረስቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ቁልፍ» አልኳት።