ቤቱ በአቶ ታደሰ ስም ነበር

ለምታውቋቸው ሁሉ። አቶ ታደሰ ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ እኛ ቅዳሴ ላይ ሳለን፣ እዚሁ ሮም ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። እኔ እልፍነሽ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የቆጠርኩ አሮጊት ነኝና ቃሉ ቢዛነፍ ይቅር በሉኝ። ልጃቸው ሕይወት «እማማ፣ እርስዎ ይጻፉልኝ» ስላለችኝ ነው።

አቶ ታደሰ በወጣትነታቸው ለንደን ሕግ ተምረው፣ ኋላ በትዳር ምክንያት ሮም የቀሩ ሰው ናቸው። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለችው አንዲት ክፍላቸው የሁላችን ቢሮ ነበረች። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ከአከራዩ የተጣላ፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ነው። ጣሪያው ያፈስሳል። አንድ ቀን ልቀመጥ ስል «ወንበሩን ወዲህ ሳቢ፤ እዚያ ጋ ዝናቡ ቀጠሮ አለው» አሉኝ።

እኔ ያኔ የአንዲት እንግሊዛዊት ሲኞራ ባዳንቴ ነበርኩ፤ አሮጊት እጦራለሁ ማለት ነው። ሴት ልጇ ከነባሏ ሞታባት፣ የቀረቻት ኤሚሊ የምትባል ትንሽ የልጅ ልጅ ብቻ ነበረች። ልጅቷ እንግሊዝ አገር አክስቷ ዘንድ ታድጋለች። ሲኞራዋ ሕመሙ ሲጠናባት አቶ ታደሰን አስጠራችና «አገሬ ያለውን ቤት ያዙልኝ» አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «እሺ፣ እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይወጣል። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምኞትዎ ነው ወይስ ግዴታ እየጣሉብኝ ነው? የትኛው ቤት? ለማን?»

እኔ በአማርኛ «ኧረ አቶ ታደሰ፣ የታመመ ሰው እንዲህ ይፈተናል?» አልኳቸው።

«እልፍነሽ፣ ከነዚህ አንዱ ከተድበሰበሰ የእንግሊዝ ሕግ አደራ ብሎ አይቀበለውም። ኋላ የምትጎዳው ልጅቷ ናት» አሉኝ።

ሲኞራዋ ሁሉንም መለሰች፤ ተጻፈ፤ ተፈረመ። ለንደን ያለው ቤቷ በአቶ ታደሰ ስም ዞረ። ስሙ የሳቸው፣ ጥቅሙ የኤሚሊ። ልጅቷ አካለ መጠን ስትደርስ ደግሞ ስሙም የእሷ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያማ የሰው አፍ! ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «የለንደኑ ባለርስት፣ ዛሬም በአውቶቡስ ነው?» ይሏቸዋል። «ርስቴ ስሜ ናት፤ እሷንም አውሻታለሁ» ይሉ ነበር። የኤሚሊን ቤት ጣሪያ አሳደሱ፤ የራሳቸው እያፈሰሰ። ኪራዩን ከራሳቸው ገንዘብ ጋር አንድም ቀን አላቀላቀሉትም። ለብቻው ባንክ አኑረው ልጅቷን ያስተምሩበታል።

አሎራ፣ እንግዲህ ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ሕይወት ነርስነት ልትማር ለንደን ገባች። ማደሪያ አጥታ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ትተኛለች። የኤሚሊ ቤት ደግሞ በዚያው ክረምት ተከራዩ ለቅቆ ባዶ ነበር። ስልኩ ሲደወል አጠገባቸው ነበርኩ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለቀቁት።

«አባዬ፣ አንዷን ክፍል ብቻ። እንደማንም ሰው ኪራይ እከፍላለሁ።»

«ኪራዩን ማን ይወስነዋል? እኔ ላንቺ? በልጅቷ በኩል ቆሞ የሚከራከርስ ማን አለ?»

«እሷን ጠይቃታ!»

«ሕፃን ናት። የሕፃን እሺታ በሕግ እሺታ አይደለም።»

ሕይወትም «ለባዕድ ልጅ አባት ሆንክ» ብላ ዘጋችው። በዓል ሲመጣ እንኳ መደወል ተወች። ሰዉም ግማሹ «አደራ በላ ከመባል ይሻላል» አለ፤ ግማሹ «ልጁን ሜዳ ጥሎ!» አለ።

ኤሚሊ አደገች፤ ቤቱንም በስሟ አዛውረው አስረከቧት። ባለፈው በጋ፣ ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ፣ አየር ይለውጡ ብዬ በባቡር ኦስቲያ ወሰድኳቸው። ባሕሩን እያዩ «እልፍነሽ፣ እምቢ ማለቴ አይቆጨኝም» አሉ። «የሚቆጨኝ እዚያው ላይ መቆሜ ነው። ዳኛ ማስፈቀድ እችል ነበር፤ ሕጉ ያንን መንገድ ክፍት ትቶታል። ፈቃድ ቢከለክለኝም ሞክሬላት ነበር ማለት ነው። እኔ ንጹሕነቴን ስጠብቅ፣ ልጄ ሶፋ ላይ ነበረች።»

«ታዲያ ይደውሉላታ!»

«ምን ብዬ?»

«አሁን ያሉኝን!»

«ነገ» አሉ። ነገ፣ ነገ እያሉ አንደበታቸው ተያዘ። ኋላ እኔው ደወልኩ። ሕይወት ወዲያው ተነሣች፤ ሮም ስትገባ ግን አልፈዋል።

ከቀብር መልስ ኤሚሊም ክፍላቸው መጣች። ቁመቷ መቃ የመሰለ ወጣት ሆናለች። አባትና ልጅ የተጣሉበትን ነገር የሰማችው ያኔ ነው። «ማንም አልነገረኝም እኮ! እሺ እል ነበር» አለቻት። ሕይወትም «አውቃለሁ። ያኔ ግን አሻንጉሊት ታቅፈሽ የምትዞሪ ልጅ ነበርሽ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረባት።

አቶ ታደሰ፣ ወንድሜ። የኦስቲያውን ቃልዎን ለሕይወት ነግሬያታለሁ። ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ነበር ደጉ፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል። «‹ልጄ› ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ‹ልጄ› ነው ያሉት» ስላት ነው እንባዋ የመጣው። አሁን ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ብሏል። ሕይወት ድካሙ ጥሏት አልጋዎ ላይ ተኝታለች። ጫማዋን አውልቄ ነጠላዬን ደረብኩላት። እርስዎም ይረፉ፤ እኔ አጠገቧ ነኝ።